ከበቅሎ ጉዞ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና፤ የኢሉባቦር መንገድና የጋራዥ ትምህርት ታሪክ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ይህ ተረት የተነገረው ሳይማር ጥምጥም ለሚያስር ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ መኪና ጥገና ለሚጽፍ ተማሪም ይሠራል። የአገራችንን የሞተር ታሪክ ስንመረምር መሣሪያው ሁልጊዜ ከትምህርቱ ቀድሞ እንደ መጣ እናገኛለን። መኪናው በመጀመሪያ መጣ፤ መንገዱ ተከተለ፤ ጠጋኙ ግን ከሁሉም በኋላ፣ በብዙ ድካምና በብዙ ቁስል ተገኘ። ዛሬ ወደ ከተሞቻችን በመግባት ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ቀድሞው እያጠፉ የሚማሩበት አይደለም። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ይህን አሳብ በታሪክ መንገድ ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ ያለፈውን ያልመረመረ የሚመጣውን አይለይምና።

ከመኪና በፊት የኢሉባቦር ሀብት ይጓዝ የነበረው በበቅሎ ጀርባና በሰው ጫንቃ ነው። ጎሬ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የአገረ ገዥው መቀመጫ ስትሆን፣ በቡና ንግድም የታወቀች ከተማ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ከጎሬ ደጋ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርድ ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ደግሞ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገራል። ለሌላው አገር ነጋዴ ክረምት መንገድ የሚዘጋበት ወራት ሲሆን፣ ለጋምቤላ ንግድ ግን መንገድ የሚከፈትበት ነበር። ስለዚህ የኢሉባቦር ሕዝብ ከብዙ የአገራችን ክፍሎች ቀድሞ በሞተር የሚሄድ መጓጓዣ አይቷል ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አየ እንጂ አልተማረም፤ የመርከቡን ጥበብ የሚያውቁት ሰዎች ከመርከቡ ጋር መጥተው ከመርከቡ ጋር ይመለሱ ነበርና።

የመኪናም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ አገባ። ምኒልክም አዲስ ነገር መመርመር የሚወዱ ንጉሥ ስለ ነበሩ በመኪናው እጅግ ተደሰቱ። በዚያን ጊዜ ከጠረፍ እስከ ዋናው ከተማ ለመኪና የተሠራ መንገድ አልነበረም፤ መኪናው ቢሰበር የሚጠግን አገር በቀል ባለ እጅም አልነበረም። መሣሪያው ከትምህርቱ ቀድሞ መጥቷል የምለው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ክፉው ዘመን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም የተጠራው በጎሬ ነበር፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደ ምዕራብ መጥተው በዚያው ተጋድሎውን መሩ። ጣልያን ጎሬን የያዘው በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ በአገሪቱ ብዙ መንገድ ጠርጎ ብዙ ካሚዮን አስገባ። ኢትዮጵያውያንም በየሠፈሩና በየጋራዡ በግዴታም በእንጀራ ፍለጋም እየገቡ ከብረት ጋር ተዋወቁ። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የዛሬው የጋራዥ ቋንቋ ነው። መካኒኮቻችን ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ ይላሉ፤ ጎማ ሠሪውን ጎሚስታ፣ የመኪና መብራት ሠሪውን ኤሌትሪሲስታ ይሉታል። እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱ ሲቀሩ አስተማሪው ሄዷል፤ መጽሐፍም አልተወልንም። ከዕቃው ጋር የቀረልን የዕቃው ስም ብቻ ነው።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ መንግሥት ይህን ጉድለት ለመሙላት ተነሣ። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙ በግዕዝ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ መንገድ መሥራትና መጠገን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሆነ። መንገዱ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ የንግዱም ፊት ቀስ በቀስ ከባሮ መርከብ ወደ ጭነት መኪና፣ ከጋምቤላ ወደ በደሌና ወደ ጅማ ዞረ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። መኪና ባለበት ጋራዥ አይጠፋምና በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በመንገዱ ዳር ባሉት ትንንሽ ከተሞች ሁሉ የዘይት ጠረን ያለበት ግቢ በቀለ።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዡ ትምህርት ቤትነት ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ጋራዥ ጥቁር ሰሌዳ የለውም፤ ፈተናና ደብተርም የለውም። ልጁ ረዳት ሆኖ ይገባል፤ መጀመሪያ ዕቃ ያጥባል፣ ቁልፍ ያቀብላል፣ ሻይ ያመጣል። ቀጥሎ ጎማ ይፈታል፤ ከዓመታት በኋላ ሞተር እንዲከፍት ይፈቀድለታል። መምህሩም የሚያስተምረው በጆሮ፣ በአፍንጫና በጣት ነው። «ስማው፣ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም» ይለዋል፤ «አሽትተው፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል» ይለዋል፤ «ዳስሰው፣ ግሏል» ይለዋል። ይህ ትምህርት የሚናቅ አይደለም። መለዋወጫ በማይገኝበት ጊዜ ከተጣለ ብረት መለዋወጫ የሠሩ፣ በጭቃ የተቀበረ ካሚዮን ያስነሡ፣ ቡናችንን ለገበያ ያደረሱልን በዚህ መንገድ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ክብር ይገባቸዋል።

ነገር ግን ይህ የጋራዥ ትምህርት የሚሠራበት አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የቤንዚንና የናፍታ ሞተር ከመጉዳቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገር መሆኑ ነው። ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ይግላል። ተማሪው ቢሳሳት እጁ ይላጣል ወይም ጣቱ ይቃጠላል፤ ነገ ግን ተመልሶ ይማራል። ስሕተቱ ራሱ መምህር ይሆንለታል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እንምጣ። ብዙ ሰው ይህ መኪና የትናንት ፈጠራ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከአድዋ ድል ዘመን ጋር እኩያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያ የሆነው አውቶሞቢል የቤልጅጉ ተወላጅ የዠናትዚ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ፈርዲናንድ ፖርሽ ቤንዚንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ የሚሄድ መኪና ሠራ፤ ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከተሠሩት መኪናዎች ከሦስት አንድ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። ሰዎች የወደዷቸውም ስለማያጨሱና ለማስነሣት ስለማያደክሙ ነው፤ የቤንዚኑን ሞተር ግን ከፊት በብረት እጀታ እያዞሩ ማስነሣት ያስፈልግ ነበርና እጀታው ወደ ኋላ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። በ1912 ዓ.ም. ላይ በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ ሞተሪኖ በካዲላክ መኪና ላይ ሲገባ ይህ ጭንቅ ቀረ፤ ቤንዚንም ረከሰ፤ የኤሌክትሪኩ መኪና ለረጅም ዘመን ተረሳ። የተመለሰው በኋላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የጃፓኑ ቶዮታ ፕሪየስ የተባለውን ሃይብሪድ መኪና በብዛት ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያም ባትሪው እየተሻሻለ ሲሄድ ያለ ቤንዚን የሚሠራው መኪና በዓለም ተሰራጨ።

በአገራችን ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአብዛኛው ከውኃ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከኢሉባቦር መውጣት አያስፈልገንም። ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ማመንጫ በ1982 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀምሯል። የሶርን ፏፏቴ ለሽርሽር ሄዶ ያየ ተማሪ ያ የሚወድቅ ውኃ የቤታችንን አምፑል እንደሚያበራ ያስታውሳል፤ ያው ኃይል መኪናም ሊነዳ እንደሚችል ያሰበ ግን ጥቂት ነው። በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ከገዛ ወንዟ በሚገኝ ኃይል መጓዝ ትልቅ ተስፋ ነው።

መንግሥትም በዚህ አሳብ ተመርቶ ብዙ ውሳኔ አድርጓል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተር በአገር ውስጥ የተገጣጠመ የሀዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና አሳየ። በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የነበረው የኤክሳይስና የተጨማሪ እሴት ታክስ ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ከዚያም በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ወደ 100,000 መድረሱን መንግሥት አስታወቀ። እንግዲህ ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከአዲስ አበባ እስከ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ፣ ለሥራ የሚመጣ፣ አርጅቶ ሲረክስም ከዋና ከተማው ገዝቶ የሚያመጣ ይኖራል። ከእነዚህ አንዱ በያዮ ዳገት ወይም በጎሬ መንገድ ላይ ሲቆምበት፣ የሚገፋው ወደ ማን ግቢ ነው? ወደዚያው ወደምናውቀው ጋራዥ ነው። የሚከፍተውስ ማን ነው? ያው በጆሮና በጣት የተማረው ወንድማችን ነው።

የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አይናገርም። አይጮኽም፣ አይጨስም፣ አይሸትም፤ ቆሞ ሳለ የሞተ ይመስላል። መካኒኩ «ዳስሰው» ብሎ የተማረበት ጣት በዚህ መኪና ላይ የሞት በር ሊሆን ይችላል። በጋራዥ የለመድነው የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይደርሳል፤ ወደ 800 የሚጠጋም አለ። በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን የኦም ሕግ እናስታውስ። ቆዳው የረጠበ ሰው መቋቋም 1,000 ኦም ነው ብንል፣ 12 ቮልት የሚያሳልፍበት 0.012 አምፔር ነው፤ 400 ቮልት ግን 0.4 አምፔር ያሳልፋል። ከአምፔር ጥቂት አሥረኛ የሚሆነው በደረት በኩል ካለፈ ልብን ሊያቆም ይበቃል። ስለዚህ በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ማርክ የሚያስገኘው ይህ ትንሽ ስሌት በጋራዥ ውስጥ የአንድ አባት ወይም የአንድ ወንድም ሕይወት ነው።

ታዲያ በዓለም ያሉ የዚህ ሙያ ሰዎች ምን ሥርዓት አበጁ? ሥርዓቱን ባጭሩ እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ይህን አንብቦ ብቻ መኪና ለመክፈት የሚነሣ አይኑር። የጻፍሁት የትምህርቱን አስፈላጊነት ለማሳየት እንጂ ትምህርቱን ለመተካት አይደለም።

አንደኛ፤ ቀለሙን ማወቅ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው አይነካውም፣ አይቆርጠውም፣ አይቀጥለውም።

ሁለተኛ፤ ማጥፋትና መቆለፍ ነው። መኪናው ይጠፋል፤ ቁልፉም ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያስነሣው ከመኪናው ርቆ በሠራተኛው እጅ ይቀመጣል። ሃይብሪድ መኪና ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ሞተሩ በራሱ ሊነሣ ስለሚችል ይህ ደንብ በእርሱ ላይ ይበልጥ ይጠብቃል። ከዚያም የ12 ቮልቱ ባትሪ ይነቀላል፤ ዋናውን ባትሪ የሚለያየው መሰኪያም የመኪናው ፋብሪካ ባዘዘው ቅደም ተከተል ይወጣል። ኃይል በሚያልፍበት ጊዜ ቢነቅሉት ብረት የሚያቀልጥ የእሳት ብልጭታ ይወጣል።

ሦስተኛ፤ መታገሥ ነው። ባትሪው ከተለያየ በኋላም ካፓሲተር በሚባሉት ክፍሎች ውስጥ ኃይል ተጠራቅሞ ይቆያል። ስለዚህ ፋብሪካው የወሰነውን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። በልማዳችን የቆመ መኪና ባለቤት «ቶሎ በሉ» ይላል፤ እነዚህ ደቂቃዎች ግን በችኮላ የሚገዙ አይደሉም።

አራተኛ፤ ማረጋገጥ ነው። ለ1,000 ቮልት የተሠራ ቴስተር ተይዞ መጀመሪያ ቴስተሩ ራሱ መሥራቱ በታወቀ ምንጭ ይፈተናል፤ ከዚያ መኪናው ይለካል፤ በመጨረሻም ቴስተሩ እንደ ገና ይፈተናል። የተበላሸ ቴስተርም ባዶ ቁጥር ያሳያልና ባዶ ቁጥር አይቶ ማመን አይበቃም።

አምስተኛ፤ ልብስና ጓደኛ ነው። የሚደረገው ጓንት ለ1,000 ቮልት የተፈተነ የላስቲክ ጓንት ነው፤ የቆዳ ጓንት ደግሞ በላዩ ይደረብበታል። ላስቲኩ ሁልጊዜ ከሥራ በፊት አየር ተሞልቶና ተጠቅልሎ ይመረመራል፤ በመርፌ ጫፍ ያህል ቀዳዳ ቢገኝበት ይጣላል። ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል ይወልቃል። ማንም ብቻውን አይሠራም፤ አጠገቡ የሚቆመው ጓደኛ ኃይሉን እንዴት እንደሚያቋርጥና የተያዘውን ሰው በባዶ እጁ ሳይነካ እንዴት እንደሚያላቅቅ የተማረ መሆን አለበት።

ስድስተኛ፤ እሳትን ማወቅ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከነደደ ጭሱ መርዝ ነው፤ ለማቀዝቀዝም እጅግ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ጠፋ ከተባለ ከሰዓታት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የተጋጨ መኪና ከቤትና ከሌላ መኪና ርቆ መቆም አለበት።

እነዚህን ደንቦች ወደ አገራችን ሁኔታ ስናመጣቸው ሌላ ነገር ይጨመርባቸዋል። ኢሉባቦር የዝናብ አገር ነው፤ ዝናቡ ደናችንንና ቡናችንን ያበቀለልን በረከት ነው። ለመካኒኩ ግን እርጥብ መሬት፣ እርጥብ ጫማና እርጥብ እጅ ማለት የሰውነትን መቋቋም የሚቀንስ ነገር ነው። ብዙው ጋራዣችን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ አፈር፣ ግድግዳው ክፍት ነው። ለአሮጌው ሞተር ይህ ይበቃ ነበር፤ ለአዲሱ ግን ደረቅ ወለልና ደረቅ የዕቃ ሣጥን ያስፈልጋል።

የቋንቋም ችግር አለ። ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ የቻይና ሥራ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሚነበበው ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ነው። አያቶቻችን የጣልያንን ቃል ከጣልያን አፍ ሰምተው ያዙ፤ «ፍሪሲዮን» ማለትን ያጠፋ ቢኖር የሚደርስበት መሳቅ ብቻ ነበር። «አትንኩ» የሚለውን ቃል ማንበብ ያልቻለ ግን የሚደርስበት ሌላ ነው። ስለዚህ የጥገናው መጽሐፍ የአገሩ ልጅ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

መፍትሔው ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው የመቱ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም በአካባቢያችን ይሰጣል። ጋራዦቻችን ልምድ አላቸው፤ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ስሌትና መጽሐፍ አላቸው። እስከ ዛሬ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ እንደ ባዕድ ይተያዩ ነበር። ተማሪው በጋራዡ ደጅ ሲያልፍ ልብሱ በዘይት እንዳይነካ ይጠነቀቃል፤ መካኒኩም «ወረቀት ብሎን አይፈታም» እያለ በተማሪው ይስቃል። በኤሌክትሪክ መኪና ፊት ግን ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው፤ ተማሪው እጅ የለውም፣ መካኒኩ የኦምን ሕግ አያውቀውም። አንዱ ለሌላው ቢያስተምር ሁለቱም ይድናሉ።

ክቡራን ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የጋራዥ ሙያ ልማር ቢላችሁ «ፊደል ቆጥረህ ወደ ዘይት?» አትበሉት፤ የዛሬው ጋራዥ ሒሳብና ፊዚክስ የሚጠይቅ የዕውቀት ቤት ነው። ክቡራን መምህራን ሆይ! ስለ ቮልትና አምፔር ስታስተምሩን በደጃችን የሚያልፈውን መኪና ምሳሌ አድርጉልን። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! በመንገድ ዳር ለሚሠራው መካኒክ የምናውቀውን ለመንገር፣ ከእርሱም የማናውቀውን ለመጠየቅ አንፈር።

የእንፋሎቱ መርከብ በባሮ ሲመላለስ የጎሬ ሰው ዳር ቆሞ ተመለከተ። ካሚዮኑ ሲመጣ ልጆቻችን ከሥሩ ገብተው በቁስል ተማሩ። ሦስተኛው አሁን በመምጣት ላይ ነው፤ ዳር ቆመን ብንመለከተው እናፍራለን፤ ሳንማር ብንነካውም እንሞታለን። ትምህርት ቤታችን ዕድሜውን በሚቆጥርበት በዚህ በዓል፣ ከሚቀጥለው በዓል በፊት በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ጓንቱን መርምሮ፣ ደቂቃውን ቆጥሮ፣ ቴስተሩን ሁለት ጊዜ ፈትኖ የሚሠራ የአገር ልጅ እንዲኖረን እመኛለሁ። ያን ጊዜ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ መማር ከመጠምጠም ቀደመ ይባላል።